መስኮቷን እንዝጋት?

ጥያቄው ትንሽ ነው። ሁለት ልጆች ተማሪ ሳሉ የጻፏትን፣ አራት ሺህ መስመር የማትሞላ ፕሮግራም እየጠገንን እንቀጥል ወይስ በቃ ብለን እንተዋት? እኔ እንተዋት ባይ ነበርኩ። ጓደኛዬ «አይሆንም» አለ። በስልክ ወራት ተጨቃጨቅን። ኔትወርክ ሲጠፋ ጭቅጭቁም ይቋረጣል፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፣ እሱ የሞጣ። ምሥራቅ ጎጃምን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደጀን በዚያ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያወጣው መንገድ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ሞጣ እያለ ያልፋል። የሁለቱ ከተሞች ስም በታሪክ መጻሕፍት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ከ1960ው የገበሬዎች አመፅ ጋር ነው፤ የእርሻ ገቢ ግብሩን አንከፍልም ያሉበት። ቢቸና ከሆነ ደግሞ በላይ ዘለቀ ይነሣል። በኮምፒውተር ነገር ግን ማንም አያነሣቸውም። እኔም ባልሆነልኝ ጭቅጭቅ ነው ያነሣኋቸው።

ፕሮግራሟ የዲበገር መስኮት ናት። ይህን ሳላስረዳ ወደፊት መሄድ ስለማልችል ትንሽ ታገሡኝ።

ኮድ የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ። የጻፋችሁት ትክክል ይመስላል፣ ስታስኬዱት ግን የማይሆን ነገር ያደርጋል። ስሕተቱን ባግ ይሉታል፣ ተባይ እንደማለት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ሃርቫርድ በነበረው ማርክ 2 በሚባል ማሽን ሪሌይ ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ተገኝታ መዝገብ ላይ ተለጥፋለች። ሁሉም ሰው ቃሉ ከእሷ የመጣ ይመስለዋል፣ ግን አይደለም። መሐንዲሶች ከዚያ በፊትም ይጠቀሙበት ነበር፤ ኤዲሰን እንኳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደብዳቤው ጽፎታል። የእሳት ራቷ ቀልድ የሆነችው ቃሉ ቀድሞ ስለነበረ ነው።

ዲበገር ማለት ተባዩን እንድታገኙ ሌላውን ፕሮግራም መሃል መንገድ ላይ የሚያስቆምላችሁ ፕሮግራም ነው። «መስመር 40 ላይ አቁምልኝ» ስትሉት፣ በኢንቴል ማሽን ላይ ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ያለውን የመጀመሪያ ባይት በጎን ያስቀምጥና በምትኩ 204 የሚል ቁጥር ይተክላል። ፕሮሰሰሩ 204 ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ዲበገሩን ይጠራዋል። ከዚያ ዲበገሩ የወሰደውን ባይት በቦታው ይመልስና፣ በዚያች ቅጽበት የትኛው ተለዋዋጭ ምን እንደያዘ ያሳያችኋል። ተንኮሉ በቃ ይኸው ነው። መጀመሪያ ሲነገረኝ አላመንኩም ነበር፤ የሆነ ትልቅ አስማት ጠብቄ ነበር።

በሊኑክስ ዓለም የታወቀው ዲበገር ጂዲቢ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው ሲሆን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጂዲቢ የጽሑፍ ሰው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትእዛዝ ትጽፉለታላችሁ፣ በጽሑፍ ይመልስላችኋል። ለለመደው ከዚህ የሚፈጥን የለም። ላልለመደው ግን ጨለማ ቤት ውስጥ በዳበሳ ዕቃ መፈለግ ነው። ስለዚህ ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ መስኮት ሲሠሩለት ኖረዋል፤ ከውጭ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ መስኮቱ በእናንተ ፈንታ ለጂዲቢ ይጽፍለታል፣ መልሱን አንብቦ በሥዕል ያሳያችኋል።

ከነዚህ መስኮቶች በጣም የታወቀው ዲዲዲ ነው። ጀርመን አገር ብራውንሽቫይግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶሮቴያ ሉትከሃውስና አንድሬያስ ጼለር የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓለም የተሰራጨ ነው። እኔ ያገኘሁት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሦስት ሆነን በምንጋራው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። የዚያን ሴሚስተር ፖይንተር የሚባለው ነገር ሊገባኝ አልቻለም ነበር። መምህሩ «አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ ነው» ይላል፤ እኔ እጽፈዋለሁ፣ ለፈተና እሸመድደዋለሁ፣ አይገባኝም። የሞጣው ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ዲዲዲን ከፈተ። አንዱን ሳጥን ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርገው ከጎኑ ሌላ ሳጥን ወጣ፣ በመካከላቸውም ቀስት ተሠመረ። ያንን ሲጫነው ሦስተኛ ወጣ። የተያያዘ ዝርዝር እንደ ግመል ቅፍለት ስክሪኑ ላይ ተሰለፈ። የመጨረሻው ሳጥን ውስጥ ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ነበር። የእኔ ባግ እዚያ ነበረች፣ ቁጭ ብላ።

እስከ ዛሬ በኮድ እንጀራ የምበላው ከዚያች ከሰዓት በኋላ የተነሣ ይመስለኛል። ጭቅጭቃችን ቀላል ያልሆነውም ለዚህ ነው።

ዲዲዲ አንድ ነገር ግን አይችልም ነበር። በእጃችን የነበረው እትም ፊደላችንን አያሳይም። «ሰላም» የሚል ጽሑፍ የያዘ ተለዋዋጭ ሲከፈት ቁጥር ብቻ ይደረድራል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በመሰለው ቁጥር ላይ እያስቀመጠ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የጠንቋይ ክታብ ይመስል ነበር። ከዩኒኮድ በኋላ እያንዳንዱ ፊደል የታወቀ ቁጥር አለው። በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰ» 341፣ 210፣ 260 ነው፣ በስምንት ቤት አቆጣጠር። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት። ዲዲዲ ሲሳነው እኛ ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥሮች እናያለን።

ስለዚህ የራሳችንን መስኮት ጻፍን። ሁለት ክረምት ፈጀ። ስም አላወጣንላትም፣ «መስኮቷ» እያልን ቀረን። ሳጥን ትሥላለች፣ ቀስት ታሠምራለች፣ ቁልፎቿ ላይ «አቁም»፣ «ቀጥል»፣ «አንድ እርምጃ» ተብሎ በአማርኛ ተጽፏል። መጀመሪያ የከፈትናት ቀን «ሰላም» የሚል ፕሮግራም ጫንንባት። ምን ብታሳየን ጥሩ ነው? 341፣ 210፣ 260...

ፊደል እንድታሳይ ብለን የጻፍናት መስኮት ፊደል አላሳይ አለች! ሁለት ሳምንት ፈለግን። ጥፋቱ የእኛው ነበር፣ ደግሞም ከጥንቃቄ የመጣ። መስኮቷ የጂዲቢን መልስ የምትረዳው እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እያነበበች ነው። የኮምፒውተሩ ቋንቋ ሌላ ቢሆንና ጂዲቢ በፈረንሳይኛ ቢመልስ ግራ ትጋባለች። ይህን ፈርተን፣ ጂዲቢን ስታስነሣው የቋንቋ ቅንብሩን በሙሉ «ሲ» ወደሚባለው ባዶ ልማድ እንድትመልስ አድርገን ነበር። ቋንቋውን በሙሉ ስናጠፋ የፊደል ሰንጠረዡንም አብረን አጠፋነው። መጥፋት የነበረበት የመልእክቶቹ ቋንቋ ብቻ ነው። አንድ ቃል ቀየርን፣ «ሰላም» ወጣ። ጓደኛዬ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ።

ታዲያ እንዲህ የምትወደድ ነገር ለምን ይተዋል?

መልሱ ያለው በመስኮቶቹ ታሪክ ውስጥ ነው። መስኮትን ከዲበገር ጋር ለማያያዝ ሁለት የቆዩ መንገዶች አሉ፣ ሁለቱም ያማሉ። አንደኛው የዲዲዲ መንገድ ነው፤ ሰው መስሎ መጻፍና ሰው መስሎ ማንበብ። ጥቅሙ፣ ለጂዲቢ ብቻ ሳይሆን ጽሑፍ ለሚመልስ ለማንኛውም ዲበገር ይሆናል። ዲዲዲ የፐርልንም፣ የጃቫንም፣ የባሽንም ዲበገር ያናግራል። ጉዳቱ፣ ጂዲቢን የሚጽፉት ሰዎች አንድ ቀን ተነሥተው አንዷን ዓረፍተ ነገር ቢያሳምሩ መስኮቱ ይታወራል። ለአንባቢ የተሻሻለ መልእክት ለመስኮቱ መርዶ ነው። ሌላም ችግር አለ። ጂዲቢ መልሱን ሲጨርስ ስሙን በቅንፍ ጽፎ ይጠብቃል፤ መስኮቱም ያችን ቅንፍ ሲያይ «ጨረሰ» ይላል። ተማሪው የጻፈው ፕሮግራም ራሱ ያችኑ ቅንፍ ቢያትምስ? ይህን ሆን ብለው የሚሞክሩ ተማሪዎች ሞጣ ውስጥ እንዳሉ በኋላ ተነግሮኛል።

ሁለተኛው የኢንሳይት መንገድ ነው። ሲግነስ የሚባለው ኩባንያ የሠራው መስኮት ነው፤ ሲግነስ ኋላ በሬድ ሃት ተገዝቷል። ኢንሳይት ከውጭ ሆኖ አያነብም፤ ከጂዲቢ ሆድ ውስጥ ገብቶ አብሮ ይሰፋል። ጽሑፍ በመተርጎም አይደክምም፣ ግን ጂዲቢ ሆዱን ባስተካከለ ቁጥር ስፌቱ ይተረተራል። በየጊዜው የሚሰፋ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ሲጠፋ መስኮቱም ከሊኑክስ ስርጭቶች ቀስ በቀስ ጠፋ።

የጂዲቢ ሰዎች ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ሦስተኛ መንገድ ከፈቱ፤ ለፕሮግራም ብቻ የሚሆን፣ ቅርጹ የማይዋዥቅ የመነጋገሪያ ቋንቋ። እኛ መስኮቷን ስንጽፍ ይህ ቋንቋ ነበረ። አላወቅንም። (ማኑዋሉን እስከ መጨረሻው ብናነብ ኖሮ ሁለት ክረምት አንድ ይሆን ነበር።) ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2015 ቪኤስ ኮድ መጣ፤ ማይክሮሶፍትም ማንኛውም አርታዒ ከማንኛውም ዲበገር ጋር የሚነጋገርበትን የጋራ ደንብ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ጂዲቢ 14 ይህንኑ ደንብ ራሱ መናገር ጀመረ። ማለትም መስኮት መሥራት የአንድ ሰው የብቻ ሸክም መሆኑ ቀረ።

የእኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነበር። «ጓደኛዬ፣ የጻፍንበት ምክንያት ሞቷል። ዛሬ ጂዲቢ በተራ ተርሚናል ላይ ‹ሰላም›ን ራሱ ያሳያል። ሳጥንና ቀስቱንም ሌሎች ሠርተውታል። ጂዲቢ አዲስ እትም ባወጣ ቁጥር እኔ ቅዳሜዬን ለምን እሠዋለሁ?»

«ቅዳሜህን ማን ጠየቀህ?» አለኝ። «ቪኤስ ኮዱን ላክልኝ እንግዲያ። በምን ልትልከው ነው?»

ዝም አልኩ።

እሱ ከተመረቅን በኋላ ወደ ሞጣ ተመልሶ ኮምፒውተር ያስተምራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የምታውቁት ነው። የዛሬ መሣሪያዎች ደግሞ ሁሉም ኢንተርኔት አለ ብለው ነው የሚነሡት። አርታዒውን ብትጭኑት ቅጥያውን ያወርዳል፣ ቅጥያው ሌላ ቅጥያ ያወርዳል፣ ማሽኑም ለጋስ መሆን አለበት። የእኛ መስኮት በፍላሽ ትሄዳለች፣ አሥር ዓመት በቆየ ኮምፒውተር ላይ ትከፈታለች፣ ማንንም አታስፈቅድም።

«ስንት ተማሪ ነው የሚጠቀምባት?» አልኩት።

«ዘንድሮ ሃያ ሦስት።»

«ለሃያ ሦስት ሰው...»

«አንተ አንድ ነበርክ እኮ፣ ጌታው» አለኝ። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ አላወቅሁም።

በሚቀጥለው ስደውልለት በቅኔ ቤት መጣሁበት። አያቱ የቅኔ መምህር ነበሩ። የእኛ አገር ቅኔ ቤት ነው፤ ቢቸና ከሆናችሁ ዲማ ጊዮርጊስ ቅርባችሁ ነው፣ ወደ ሞጣ ስትሄዱ ደብረ ወርቅ መንገዳችሁ ላይ ናት። ተማሪው ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት ይጀምራል፣ እያደገ እስከ መወድስ ይደርሳል። ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልሄደ፣ የኔታ እዚያው ያርሙታል። ወረቀት የለም፣ ሥዕል የለም፣ ሁሉም በጆሮና በልብ ነው። «እና» አልኩት፣ «ያለ ምንም ሳጥንና ቀስት በቃላት ብቻ ስሕተት ማግኘት ይቻላል ማለት አይደል? አያትህ በየትኛው መስኮት ነው ያረሙት? ተማሪዎችህ ጂዲቢን በጥቁር ሰሌዳው ይልመዱት።»

ጥሩ ምት የመታሁ መስሎኝ ነበር።

«ኸረ ተው» አለኝ። «የኔታ ራሳቸው ነበሩ እኮ። ተማሪው የቆጠረውን አንድ በአንድ ይሰሙታል፣ የቱ ጋ እንደወደቀ ያውቃሉ። እኔ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ልጅ አለ፣ እኔ አንድ ነኝ። አንዱ ጋ ጎንበስ ስል አርባ ዘጠኙ ይጠብቃል። መስኮቷ እኔ ያልደረስኩበት ልጅ ጋ ቁጭ ትላለች።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሆኖም አልተሸነፍኩም፤ ያነሣሁት ሰባራ ድልድይን ነው፣ እሱ ሠፈር ያለውን። ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ። በጣሊያን ጊዜ አርበኞች መካከሉን አፈረሱት፣ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ለስልሳ ዓመት ያህል ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ጎበዞች ይቆማሉ፣ ተሻጋሪው ገመዱ ላይ ይታሰራል፣ በነዚያ ይለቀቃል በነዚህ ይጎተታል፣ ከእግሩ በታች ዓባይ። የዚህ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ ወጥቶ፣ ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ አየውና ድርጅት አቋቁሞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ ላይ የብረት መሸጋገሪያ ተዘረጋ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 አሮጌውን መጠገን ትተው ሌላ ተንጠልጣይ ድልድይ ሠሩ።

«አየህ» አልኩት፣ «መጠገን ያቆሙት እኮ አስበው ነው። ፋሲል የሠራው ነው ብለው ሙጭጭ አላሉም። ዲዲዲንም ተመልከት። ጼለር ራሱ ትቶት ሄዷል።»

እዚህ ላይ እውነት ነበረኝ። ጼለር ከመስኮቱ ይልቅ ጥያቄውን ነው የተከተለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ከተበላሸ፣ በሁለቱ መካከል የተደረጉትን ለውጦች እየከፈሉ እየሞከሩ ጥፋተኛዋን ለውጥ ኮምፒውተሩ ራሱ ያግኛት። ሰው መስኮት ላይ አፍጥጦ ከሚፈልግ ማለት ነው። በ2005 ፕሮግራሞች ለምን እንደሚወድቁ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። ዲዲዲ ግን በ2009 3.3.12 የሚባለውን እትም አውጥቶ ጸጥ አለ።

ጓደኛዬ ሳቀ። «ሁለቱንም ታሪክ ግማሹን ነው የምትነግረኝ» አለ። «ዲዲዲ ዘንድሮ አዲስ እትም አላወጣም?»

አውጥቷል። ግንቦት 2015 ላይ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023፣ ከ14 ዓመት ዝምታ በኋላ 3.4.0 ወጣ። ኩባንያ አላዘዘው፣ ገበያ አልጠራው፣ ጥቂት ሰዎች አሮጌውን ኮድ አንሥተው ከዛሬ ጂዲቢ ጋር አስታረቁት። በነዚያ 14 ዓመታት ደግሞ የሊኑክስ ስርጭቶች በጓዳ እየለጣጠፉ አቆይተውታል።

«ሰባራ ድልድዩም» ቀጠለ፣ «አዲሱ እስኪመጣ ማን አሻገረ? ባለ ገመዶቹ። ገመድ ድልድይ ነው ያለ የለም። ግን አዲሱ ሳይዘረጋ ገመዱን ፈትቶ ወደ ቤቱ የሄደ አለ? አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ፣ ድልድዩ አንተ ጋ ስለተሠራ፣ እዚህ ያለውን ገመድ ፍቱ ትለኛለህ።»

መልስ አልነበረኝም። ምሳሌው ሙሉ በሙሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ገመድ ጎታቾቹ እኮ ወንዙ ዳር የቆሙ የዚያው አገር ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቄ የተቀመጥኩ፣ መስኮቷን ከአምስት ዓመት ወዲህ ለራሴ ሥራ ከፍቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። የማይጠቀምባትን የሚጠግን ሰው ጥሩ አይጠግንም። ይህንንም ነገርኩት። እሱን እንኳ አልካደኝም።

ቅዳሜ ኮዱን ከፈትኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከመጀመሪያው ፋይል ጀምሮ አፈርኩ። የሃያ ዓመት ልጅ የጻፈው ነው። የጂዲቢን እንግሊዝኛ የሚያነበው ክፍል ብቻ ዘጠኝ መቶ መስመር፤ እያንዳንዱ አዲስ እትም ሲመጣ የተለጠፈ ጥፍጥፍ። አንዱ ጥፍጥፍ ላይ በጓደኛዬ እጅ «ይቅር በለን» የሚል አስተያየት ተጽፏል። ያንን ክፍል በሙሉ ቆርጬ ጣልኩትና በዚያ ለፕሮግራም በተዘጋጀው ቋንቋ እንደገና ጻፍኩት። አራት ቅዳሜ ፈጀ። ዘጠኝ መቶው ሁለት መቶ ስድሳ ሆነ። ቅንፉን የሚያትመው ተንኮለኛ ተማሪም ከእንግዲህ አያስታትም፤ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለብቻው በሌላ ተርሚናል እንዲወጣ አድርጌዋለሁ።

ከዚህ በላይ አላደርግም ብዬ ጻፍኩለት። አዲስ ነገር አልጨምርም፣ ቀለሟን አላሳምርም፣ ቁልፉንም ሰጥቼሃለሁ፤ ከእንግዲህ መስኮቷ የአንተና የተማሪዎችህ ናት። ጂዲቢ የመነጋገሪያ ቋንቋውን ከቀየረ ደውልልኝ፣ ሌላውን ግን ራሳችሁ ጠግኑት። እሱ ይህን በደስታ አልተቀበለውም፤ ትንሽ አኩርፏል፣ ይታወቀኛል። በመጨረሻ «ይሁን» አለ።

ፍላሿን ወደ ሞጣ ለሚሄድ ዘመድ ሰጠሁ። መንገዱ እየተዘጋ ስለነበር በቢቸና በኩል ሦስት ሳምንት ቆይታ ደረሰች። እናቴ ቤት ሁለት ሌሊት አድራለች፤ «ይቺ ምናምን ምንድን ናት?» ብላ ደውላልኝ ነበር። «የሞጣው ልጅ ዕቃ ናት» አልኳት። በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠቻት።

ባለፈው እሑድ ማታ ጓደኛዬ ደወለ። አንዲት ተማሪ ክብ የሆነ ዝርዝር ጽፋ፣ የመጨረሻው ሳጥን ወደ መጀመሪያው የሚመለስበትን፣ መስኮቷ ማቆሚያ አጥታ ሳጥን ስትሥል፣ ስትሥል፣ ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሏል። ልጅቷ ጥፋቱ የት እንዳለ ኮዱ ውስጥ ገብታ አግኝታዋለች። የእኔ መስመር ነው፣ ከአዲሶቹ ሁለት መቶ ስድሳ መስመሮች አንዱ።

«አንተ አትንካው» አለኝ፣ «እየጠገነችው ነው።»